ለሆምስኩልና ለጂኢዲ የሚታመን ነፃ ማውጫ የት አለ? (ጥያቄውና 24 መልሶች)

መነሻ ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ሁለት ልጆቼን ዘንድሮ ቤት ማስተማር (ሆምስኩል) ጀምሬያለሁ። ትልቁ ስድስተኛ ክፍል ነው፣ ትንሿ ሦስተኛ። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ለጂኢዲ (የሃይስኩል ዲፕሎማ አቻ ለሆነው) ፈተና እየተዘጋጀ ነው። ቀን ይሠራል፣ ማታ ያጠናል። መጽሐፉንም፣ ቪዲዮውንም፣ መለማመጃውንም ለሦስቱም የማፈላልገው እኔ ነኝ።

ነፃ ማውጫ (የመማሪያ ሊንኮች ዝርዝር) የሚባል ነገር ኢንተርኔቱ ላይ ሞልቷል። ለሆምስኩል ብቻ የተዘጋጀ አለ፣ ለጂኢዲ ብቻ አለ፣ ሁለቱን ያቀላቀለም አለ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ልጆቹ ከተኙ በኋላ አንድ በአንድ ስከፍት አመሸሁ። አንዱ ማውጫ ላይ ግማሹ ሊንክ አይሠራም። ሌላው ላይ ነፃ የተባለው ኮርስ ሁለተኛው ትምህርት ላይ ሲደርስ የካርድ ቁጥር ይጠይቃል። ከሁሉም የከፋው ዝርዝሩን ለማየት ስልክ ቁጥር አስገቡ የሚለው ነው። አስገባሁ። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት ስልኬ አላረፈም። የሚደውሉት ሁሉ ኮርስ ሻጮች ናቸው። ወንድሜ ተስፋ ቆርጦ አንድ ሳምንት ደብተሩን አልከፈተም። በጣም ያናደደኝ ይሄ ነው። ከሥራ ደክሞ የመጣ ሰው በአንድ በተበላሸ ሊንክ ምክንያት ትምህርቱን ሊተው ይችላል።

እኔ የደረስኩበት ነገር አለ። አንድ ማውጫ ስንት ሊንክ አለው ብዬ መጠየቅ ትቻለሁ። ማን ይጠብቀዋል? ለመጨረሻ ጊዜ የታየው መቼ ነው? የምጠይቀው ይሄንን ነው። ተሳስቼ ከሆነ አርሙኝ። የምታምኑት ማውጫ ካለ ደግሞ ንገሩኝ።

(መልሶቹ ስለበዙ በኋላ ለሚመጣ ሰው እንዲቀል በቁጥራቸው አሳጥሬ ከታች አስፍሬያቸዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

መልስ 1

የመጀመሪያዋ መላሽ ሲያትል ያለች የአራት ልጆች እናት ናት። እህቴ ብላ በጨዋ አነጋገር ጀመረች። ምክሯ ከማውጫ አትጀምሩ የሚል ነው። መጀመሪያ የምትኖሩበት ስቴት ሕግ፣ ማውጫው ከዚያ በኋላ። ሆምስኩል በ50ዎቹም ስቴቶች ሕጋዊ ነው፤ አሠራሩ ግን ከስቴት ስቴት ይለያያል። እሷ ባለችበት ዋሺንግተን ስቴት ልጁ 8 ዓመት ሲሞላው ወላጅ በየዓመቱ እስከ ሴፕቴምበር 15 የማሳወቂያ ወረቀት ያስገባል። ወላጁ ራሱም የተወሰነ የኮሌጅ ክሬዲት፣ ወይም ለዚሁ የተዘጋጀ ኮርስ፣ ወይም የአስተማሪ ክትትል ያስፈልገዋል። እሷ ኮርሱን ወስዳ ነው የጀመረችው።

መልስ 2

ቨርጂኒያ የሚኖር አባት ከ1 ጋር ተስማምቶ የራሱን ጨመረ። እሱ ዘንድ ማሳወቂያው እስከ ኦገስት 15 ይገባል። ልጁ መሻሻሉን የሚያሳይ ማስረጃ ደግሞ በተከታዩ ዓመት እስከ ኦገስት 1። ያገኘው አንድ የሆምስኩል ማውጫ የቨርጂኒያን ቀን በሌላ ስቴት ቀን አቀላቅሎ ጽፎት ነበር። ሊያመልጠው ሲል ጎረቤቱ ነገረችው።

መልስ 3

ከቴክሳስ የመጣ አጭር መልስ ነው። እዚያ ማሳወቂያ የለም፣ ምዝገባ የለም። የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1994 የሆምስኩል ቤቶችን እንደ ግል ትምህርት ቤት ቆጥሯቸዋል። ንባብ፣ የፊደል አጻጻፍ፣ ሰዋስው፣ ሂሳብና መልካም ዜግነት ማስተማር ይበቃል። ስለዚህ በወረቀት አትጨነቁ፣ ማንም አይጠይቃችሁም ብሎ ደመደመ።

መልስ 4

እዚህ ላይ ድምፁ ከረር አለ። ፔንስልቬንያ ያለች እናት የ3ን መደምደሚያ አደገኛ ብላዋለች። እሷ ያለችበት ስቴት ውስጥ በኖታሪ የተረጋገጠ ቃል ይገባል፣ 180 ቀን መማራቸው ይመዘገባል፣ በዓመቱ መጨረሻም ገምጋሚ ያየዋል። ኒው ዮርክ ያለ ሰው ደግሞ የትምህርት ዕቅድና በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት ማስገባት አለበት። የቴክሳሱን ምክር አንብቦ ኒው ዮርክ ላይ ዝም ያለ ወላጅ ልጁ ከትምህርት እንደቀረ ሊቆጠርበት ይችላል። እኔም በዚህ ከእሷ ጋር ነኝ። ንግግሯ ቢከርም ነገሩ እውነት ነው።

መልስ 5

ይሄኛው የራሴ ነው። የሜሪላንዱን ጻፍኩ። ከመጀመራችሁ 15 ቀን በፊት ለካውንቲው የትምህርት ቢሮ ማሳወቂያ ይገባል። እንግሊዝኛ፣ ሂሳብ፣ ሳይንስ፣ ሶሻል ስተዲስ፣ ሥነ ጥበብ፣ ሙዚቃ፣ ጤናና ስፖርት ይሰጣሉ። የልጆቹ ሥራ በፋይል ተይዞ ይታያል፤ በዓመት ከሦስት ጊዜ በላይ ግን አይጠየቅም። እኔ ካየኋቸው ማውጫዎች ውስጥ ሙዚቃና ሥነ ጥበብ ግዴታ መሆናቸውን የጠቀሰ አንድም አላጋጠመኝም። ያወቅኩት የስቴቱን የትምህርት ቢሮ ገጽ ሳነብ ነው።

መልስ 6

ከመልሶቹ ሁሉ በጣም የጠቀመኝ ይሄ ነው። የጻፈችው ለጎልማሶች የጂኢዲ ክፍል የምታስተምር ሴት ናት። ማውጫ ሲያጋጥማት ጊዜው ያለፈበት መሆኑን በአምስት ደቂቃ ትለያለች። እንዴት እንደሆነ ዘርዝራ አስረዳች።

አንደኛ፣ እንደ ጂኢዲ ያለውን ታስክ የሚባል ፈተና አሁንም እንዳለ አድርጎ ካስቀመጠ ያረጀ ነው። ታስክ በ2021 መጨረሻ ቆሟል። ኒው ዮርክም ወደ ጂኢዲ ተመልሳለች። ሁለተኛ፣ ጂኢዲ አምስት ፈተና ነው ካለ ማውጫው ከ2014 በፊት የተጻፈ ነው። ዛሬ አራት ነው፦ እንግሊዝኛ፣ ሂሳብ፣ ሳይንስ፣ ሶሻል ስተዲስ። ሦስተኛ፣ ማለፊያው 150 ነው ካለ ከ2016 ወዲህ ማንም አልነካውም ማለት ነው፤ አሁን 145 ነው። አራተኛው ካሊፎርኒያን ይመለከታል። ቼስፒ የሚባለው የስቴቱ ፈተና በ2023 በሌላ ፕሮግራም ተተክቷል። ማውጫው ያንን ካላወቀ ሌላውንም አያውቅም።

እኔ በዚያው ማታ የራሴን ዝርዝር በዚህ ፈተንኩት። በደንብ አስቀምጫቸው ከነበሩት አምስት ማውጫዎች ሦስቱ ወደቁ። አንዱን ለወንድሜ ልኬለት ነበር። አዝኛለሁ፣ ግን ከፈተናው በፊት ማወቄ ጥሩ ነው።

መልስ 7

ትዝታ ያለበት መልስ ነው። ኮምፒውተር ላይ ረጅም ዘመን የሠሩ ሰውዬ ናቸው። ዲሞዝ የሚባለውን ማውጫ አነሱ። በ1998 ተጀምሮ በበጎ ፈቃደኞች እጅ የሚስተካከል ነበር። ብዙ ርዕሶች የየራሳቸው አርታኢ ነበራቸው፣ የሆምስኩል ክፍልም ነበረው። የያሁ ማውጫ በ2014 መጨረሻ ተዘጋ፣ ዲሞዝ በ2017። ከዚያ በኋላ ያን ሥራ በዚያ ስፋት የያዘ ሰው እንደሌለ ተናገሩ። ዛሬ የምናያቸው ብዙዎቹ ዝርዝሮች ከእነዚያ ተገልብጠው የቀሩ ናቸው ብለው ያምናሉ። የሞተ ሊንክ ሲያጋጥም ደግሞ አድራሻውን ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ አስገብታችሁ የድሮውን ገጽ ማየት እንደምትችሉ አስታወሱ። ለመጽሐፍና ለማንበቢያ ጽሑፍ ይሠራል። ለሕግና ለፈተና ቀን ግን እንዳትጠቀሙበት አጥብቀው አስጠነቀቁ።

መልስ 8

ሌሊት ታክሲ እየነዳ ጂኢዲ የጨረሰ ሰው ነው። ታሪኩን ሳነብ ስሜቴ ተነካ። አራቱን በአንድ ቀን አልወሰደም። አንድ በአንድ፣ በሚቀለው ጀምሮ ሂሳብን መጨረሻ አደረገ። ሂሳብ 115 ደቂቃ ነው። መጀመሪያ ላይ ያሉት ጥቂት ጥያቄዎች ያለ ካልኩሌተር ይሠራሉ። እሱ ክፍልፋይ ስለረሳ እዚያ ላይ ተይዞ ነበር። ካን አካዳሚ በሚባለው ነፃ የትምህርት ድረ ገጽ ላይ ከአራተኛ ክፍል ሂሳብ ጀምሮ ሳያፍር ተማረ። መኪናው ውስጥ ተሳፋሪ እየጠበቀ ማለት ነው። በድምሩ 580 ካመጣችሁ ታልፋላችሁ የሚል ምክርም ጨመረ።

መልስ 9

የመልስ 6 አስተማሪ ተመልሳ የ8ን ድምር አረመችው። በአክብሮት ነው፣ ወንድሜ ብላ። ጂኢዲ ላይ አንዱ የሌላውን አይሸፍንም። በእያንዳንዱ 145 ያስፈልጋል። ድምርን የሚቆጥረው ሃይሴት የሚባለው ሌላው የሃይስኩል አቻ ፈተና ነው። እዚያ አምስት ፈተና አለ፣ እያንዳንዱ ከ20 ይታረማል፣ በእያንዳንዱ ቢያንስ 8 ይመጣል። ግን አምስት ጊዜ 8 ብታመጡ 40 ብቻ ነው፤ ድምሩ 45 መሙላት አለበት። በዚያ ላይ ድርሰቱ ከ6 ቢያንስ 2። የትኛው ፈተና እንደሚሰጥ የሚወስነው ስቴቱ ነው። ብዙ ማውጫ ሁለቱን ቀላቅሎ ስለሚጽፍ ሰው በማይሰጥበት ስቴት ሃይሴት ሲያጠና እንደምታገኝ ነገረችን።

መልስ 10

ሌላ ሰው መጥቶ ይሄን ሁሉ ድካም ለምን ትሸከማላችሁ የሚል ነገር ጻፈ። በጥቂት ቀን ውስጥ እቤት ተቀምጠው ጥያቄ መልሰው የሃይስኩል ዲፕሎማ የሚሰጥ ድርጅት አውቃለሁ ነው ነገሩ። የአጎቱ ልጅ ወስዷል።

መልስ 11

በጣም ተቆጣ ይሄኛው። 10ን ሻጭ ነህ አለው። እህቱ እንዲህ ዓይነት ወረቀት ገዝታ ነርሲንግ ትምህርት ቤት አመለከተች፤ አልተቀበሏትም። ገንዘቡም ቀረ። ከዚህ በላይ ያሉትን ቃላት እዚህ አልደግማቸውም።

መልስ 12

ሌላ ሰው ገብቶ አበረደው። 10 ሻጭ ላይሆን ይችላል፣ የአጎቱ ልጅም ተታሎ ይሆናል። ዋናው ምልክቱን ማወቅ ነው። የፌዴራሉ ንግድ ኮሚሽን እንዲህ ዓይነት ዲፕሎማ ሻጮችን ፍርድ ቤት አቁሞ ያውቃል። ትክክለኛው የጂኢዲ ፈተና ሰዓታት ይወስዳል። የሚሰጠው በተፈቀደለት ማዕከል ነው። ስቴቱ ከፈቀደ እቤትም በካሜራ ቁጥጥር ይሰጣል። እቤት ለመፈተን እንኳ መጀመሪያ ጂኢዲ ሬዲ የሚባለውን መለማመጃ ወስዶ ባለፉት 60 ቀናት ውስጥ አረንጓዴ ውጤት ማምጣት ያስፈልጋል። ያለ ጥናትና ያለ ፈተና በክፍያ ብቻ ወረቀት እሰጣለሁ የሚል ማውጫ ላይ ካለ፣ ማውጫውንም ዝጉት።

መልስ 13

አዲስ የመጣ ሰው ጥያቄ አቀረበ። አገር ቤት 12ኛን ጨርሷል። እዚህ የሥራ ቦታ አንድ ሰው ጂኢዲ ግዴታ ነው ብሎታል፤ እውነት ነው ወይ ነው ጥያቄው። ስድስት ወር አጥንቷል።

መልስ 14

ወዲያው ሁለት ሰዎች ተሽቀዳደሙ፣ አንደኛዋ ቀደመች። 12ኛን የጨረሰ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው የትምህርት ማስረጃውን ማስገምገም ነው። ናሴስ የሚባለው ማኅበር የአባል ገምጋሚ ድርጅቶችን ስም በገጹ ላይ ያወጣል፣ እሱ ራሱ ጥሩ ነፃ ማውጫ ነው። ክፍያው ከድርጅት ድርጅት ይለያያል። ከመክፈል በፊት የሚገቡበትን ኮሌጅ ወይም ቀጣሪ የማንን ግምገማ ትቀበላላችሁ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ከ10ኛ ክፍል ወደ ቴክኒክና ሙያ የሄደ ሰው ግን ውጤቱ የተለየ ሊሆንበት ስለሚችል ቀድሞ ይጠይቅ አለች። ስድስት ወር ያጠናው ወንድማችን ምን እንደተሰማው አስቡት። እንግሊዝኛዬ ተሻሽሏል ብሎ አመስግኖ ነው የሄደው።

መልስ 15

ይሄን መልስ ሳነብ ቆም አልኩ። ዲሲ የምትኖር እናት ናት። ልጇን ቤት ማስተማር ትፈልጋለች። ዲሲ ግን የሚያስተምረው ወላጅ የሃይስኩል ዲፕሎማ ወይም አቻው እንዲኖረው ይጠይቃል። እሷ በስደት ምክንያት ትምህርቷን 9ኛ ላይ አቋርጣለች። የሁለቱን ማውጫ የምትፈልገው በአንድ ጊዜ ነው፤ አንዱን ለልጇ፣ አንዱን ለራሷ። እኔ ጥያቄዬን ስጽፍ ሆምስኩልንና ጂኢዲን ያገናኘሁት በአጋጣሚ መስሎኝ ነበር። ለእሷ አንድ መንገድ ናቸው።

መልስ 16

የመልስ 6 አስተማሪ እንደገና መጣች። አሁን አንቺ እያለች፣ እንደ ታላቅ እህት። መጀመሪያ፣ ዲፕሎማ የሌለው ወላጅ ለዲሲ የትምህርት ቢሮ የፈቃድ ማመልከቻ ማቅረብ ይችላል፤ በሩ ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም። ሁለተኛ፣ ጂኢዲ ብቸኛው መንገድ አይደለም። ናሽናል ኤክስተርናል ዲፕሎማ የሚባል ለጎልማሶች የተዘጋጀ ፕሮግራም አለ፤ በሰዓት የታጠረ ፈተና የለውም፣ ችሎታን በተግባር እያሳዩ ይጨርሱታል። አንዳንድ የሕዝብ ላይብረሪዎች ደግሞ ካሪየር ኦንላይን ሃይስኩል ለሚባለው የነፃ ትምህርት ዕድል ይሰጣሉ። ሦስተኛ፣ የጎልማሶች ትምህርት ክፍሎች በፌዴራል ገንዘብ ስለሚደገፉ ብዙዎቹ ነፃ ናቸው። በዚፕ ኮድ ለመፈለግ ናሽናል ሊተረሲ ዳይሬክተሪን ጠቆመቻት። ተደውሎ ሰው የሚያነሳበት ቦታ ማግኘት ከመቶ ሊንክ ይበልጣል የሚለው የእሷ እምነት ነው። የእኔም ሆኗል።

መልስ 17

ከርዕሱ ወጣ ያለ ነው። አንድ አባት ቤት የምታስተምሩ ሰዎች አማርኛ ፊደል መቼ ነው የምታስገቡት ብሎ ጠየቀ። ሰባት ስምንት ሰው ተንጫጫበት፣ ሁሉንም እዚሁ አጠቃልዬዋለሁ። እኔ ጠዋት ከሂሳብ በፊት 15 ደቂቃ አስተምራለሁ። ትንሿ ልጄ እስከ ‘ቀ’ ደርሳለች።

መልስ 18

ቤት የሚማር ልጅ ጓደኛ አያገኝም፣ ዓይናፋር ይሆናል የሚል ጠንካራ ትችት። ልጆቹን ታበላሻላችሁ እስከማለት ደርሷል። ሲያትል ያለችው እናት መለሰችለት። ልጆቿ በሳምንት ሁለት ቀን ከሌሎች ሆምስኩል ቤተሰቦች ጋር ይገናኛሉ፤ ቡድኑን ያገኘችውም ላይብረሪ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ወረቀት ነው። እኔ የሰውየውን ስጋት አልንቅም፤ የእኔም ጭንቀት ነበር። አነጋገሩ ግን ልክ አልነበረም።

መልስ 19

ስለ ነፃ ሙሉ ካሪኩለም። ኢዚ ፒዚ ኦል ኢን ዋን ሆምስኩል በየቀኑ የሚሠራውን ደርድሮ ያቀርባል፣ ነፃ ነው። አምብልሳይድ ኦንላይንም ነፃ ነው፣ ንባብ ይበዛበታል። ሁለቱም ክርስቲያናዊ መሠረት አላቸው። ጸሐፊዋ ሙስሊም ስትሆን ይሄን ማውጫው ስላልነገራት ተቀይማለች። ሁለት ወር ከሄደች በኋላ ነው ያወቀችው። ልክ ናት። ማውጫ የእምነት መሠረቱን አንድ ቃል ጨምሮ መጻፍ ይችል ነበር። ሒጃብ ላይ የጀመረ ሌላ ክርክር ተከተለ፤ አድሚኑ አጠፋው፣ ደግ አደረገ።

መልስ 20

የላይብረሪ ሠራተኛ። በላይብረሪ ካርድ ለርኒንግ ኤክስፕረስ የሚባለውን ገብቶ የጂኢዲ መለማመጃ ፈተና በነፃ መሥራት ይቻላል። ሁሉም ላይብረሪ ባይኖረውም ብዙዎቹ አላቸው። ኮርስ ሻጮቹ በገንዘብ የሚያቀርቡትን ብዙውን እዚያ እንደምናገኘው ነገረን። ወንድሜ በማግስቱ ሄዶ ካርድ አወጣ።

መልስ 21

ቋንቋን ያነሳ ነው። ጂኢዲ የሚሰጠው በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ነው፣ በአማርኛ የለም። ስለዚህ እንግሊዝኛ የሚከብደው ሰው መጀመሪያ ዩኤስኤ ለርንስ ላይ ይጀምር። በካሊፎርኒያ የሳክራሜንቶ ካውንቲ ትምህርት ቢሮ ያዘጋጀው ነው፣ ነፃ ነው፣ ስልክ ላይም ይሠራል። ኮምፒውተር ላይ መጻፍ የሚያስቸግረው ደግሞ የኮምፒውተር ትምህርት ያለበትን ጂሲኤፍ ግሎባልን ይሞክር። ፈተናው በኮምፒውተር ስለሆነ ድርሰቱን መተየብ ያልለመደ ሰው ጊዜ ያልቅበታል።

መልስ 22

የራሴ ነው። እስካሁን የተባለውን ሰብስቤ ዝርዝር ሠራሁ። ሁለት ክፍል አለው። ከላይ የስቴት ቢሮዎች ብቻ፣ ከታች መማሪያዎቹ። በእያንዳንዱ ሊንክ ጎን የከፈትኩበትን ቀን፣ ካርድ ወይም ስልክ ቁጥር ይጠይቅ እንደሆነና የእምነት መሠረት ካለው ጻፍኩ። 31 ሊንክ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ በየወሩ ማየት አልችልም።

መልስ 23

የዲሲዋ እናት። ከዝርዝሩ ላይ አንዱ ቦታ ደወለች፣ ሰው አነሳላት፣ ሐሙስ ለምዘና ቀጠሯት። ዝርዝሩ ላይ ግን አንዱ የሂሳብ ሊንክ አልተከፈተላትም። አየሁት፣ እውነቷን ነው፣ አውጥቼዋለሁ። 30 ቀርቷል። ክፍልፋይ ላይ አብሯት የሚያጠና ሰው ካለም ጠየቀች።

መልስ 24

ወንድሜ ነው፤ እዚህ ጽፎ አያውቅም ነበር። እሱም ክፍልፋይ ላይ ነው ያለው። ማክሰኞ ማታ ከሥራ ሲመለስ በስልክ አብረው ቢሠሩ ደስ እንደሚለው ጻፈላት። ባለታክሲውም ከ8 ተመልሶ ማክሰኞ እኔም አለሁ ብሏል።